መስመሩ ላይ የበቀለች እሾህ

ሰኞ 4፣ ማታ

ከሆስፒታል ወጣን። ተመስገን። ከባለቤቴ አንገት በቀዶ ጥገና የወጣው እብጠት ክፉ ነገር አይደለም ተብሏል። ይህችን ቃል እስክሰማ ድረስ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ አሁን ሰምቼም እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ይኸው መጻፍ ጀመርኩ። ደብተሩ የእሷ ነው፤ ለአንደኛ ክፍል ተማሪዎቿ ከገዛቻቸው የተረፈ። ሽፋኑ ላይ ኳስ የሚጫወት ዝሆን አለ። ለኔ ዕድሜ የሚሆን ደብተር አይደለም፣ ግን ማን ያየኛል።

ድምፅ ግን የላትም። ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳን። «ወደ ድምፅ አውታሯ የሚሄደው ነርቭ ደነገጠ እንጂ አልተቆረጠም» አለ። «ለአንድ ሳምንት ፀጥ ብላ ትረፍ። ከዚያ በየቀኑ ታለማምደው። አፏን ገጥማ እምምም ትበል፣ ከወፍራም ጀምራ ወደ ቀጭን ትውጣ። ካልተለማመደች ግን እንዲሁ ሊቀር ይችላል።» እሺ አልን፤ እኔ በአፌ፣ እሷ ራሷን ነቅንቃ።

እንዲሁ ሊቀር ይችላል ያላት ነገር ከልቤ አልወጣ ብላለች። ቢሆንም በሕይወት አለች። አጠገቤ ተኝታለች፣ ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። ሌላው ትርፍ ነው።

ረቡዕ 6

የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጣ። ሲወጣ በር ላይ ያዘኝ።

«ትምህርት የሚከፈተው አዲሱ ወር እንደገባ ነው» አለኝ። «ሃምሳ ሕፃን በሹክሹክታ አይያዝም። ክፍሏን ለሌላ መምህር ሰጥተን እሷን መጻሕፍት መጋዘን ብናደርጋት ይሻላል። እስከ ወሩ መጨረሻ ደውለው ቁርጡን ይንገሩኝ።»

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እቆጣው ነበር። ደግ ስለሆነ አመስግኜ ሸኘሁት። ስንቱን ልጅ ማንበብ ያስተማረች ሴት መደርደሪያ መሃል ስትዞር ልትውል። ክፍሏን ከወሰዱባት ምን ይቀራታል? እኔ እቀራታለሁ፣ እሱም ያው እኔ ነኝ።

የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። አልሰማችም እላለሁ።

ሐሙስ 7

ሥራ መጣ። የሰፈራችን የድግስ አዳራሽ ባለቤት ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች አወረደ። ሁለቱም ተቃጥለዋል፤ ሰው ሲጨፍር ቮልዩሙን ማን ይቀንሳል። እሷን ለማስታመም የስፒከር መጠገኛ ሱቄን ስለዘጋሁ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። «ወሩ ሳያልቅ ጋሼ፣ ድግስ አለብኝ» አለ። እሺ አልኩ። ሾርባው እየገነፈለ ነው።

ዓርብ 8

ዳቦ ልገዛ ስወጣ ባለሱቁ «ሰፈሩ ፀጥ አለ፣ የምሳ ሰዓት ጠፋን» አለኝ። እውነቱን ነው። እሷ በመስኮት ብቅ ብላ «ምሳ ደርሷል» ብላ ስትጠራኝ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሁሉ ሥራውን አስቀምጦ እጁን ይታጠብ ነበር። ጉልበተኛ ድምፅ ነበራት። ነበራት አልኩ እንዴ። አላት።

ሰኞ 11

ፋሻው ወለቀ። ጠባሳው ቀጭን ነው፣ ተመስገን። ሐኪሙ «ከዛሬ ጀምሮ ትችያለሽ» አላት።

ቤት ገብተን ለምሳ ስንቀመጥ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ምን?» አልኳት። ደገመች። «ምን አልሽ?» ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ደገመች፤ ፊቷ ቀላ፣ የአንገቷ ሥር ተገታተረ። «ምን አልሽ የኔ እመቤት?» ተነሥታ የተማሪዎቿን ትንሽ ሰሌዳ አመጣችና በጠመኔ «ጨው» ብላ ጻፈች።

ጨው አቀበልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳዋን ከእጇ አልለየችም።

ማክሰኞ 12

ታላቅ እህቷ መጡ። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ወጥ ቤት ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለኔ ግን በደንብ በሚሰማ መንገድ «ከኔ ጋር እኮ በሹክሹክታ ታወራለች» አሉኝ። «አንተ ነህ ምን ምን እያልክ የምታደክማት። ጆሮህን ታየው ብዬህ አልነበረም?»

የኔ ጆሮ ምንም አልሆነም። ዕድሜዬን ሙሉ ስፒከር ስፈትንበት የኖርኩት ጆሮ ነው። ዘንድሮ ሰዉ ሁሉ ወደ ውስጥ መናገር ለምዶ ነው እንጂ።

«ልምምዱንስ ትሠራለች?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እሱ ፊት አልሠራም ብላለች» አሉና ድስት ማጠባቸውን ቀጠሉ።

ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እትዬ ይህን ሁሉ ቀን ምግብ እያመላለሱ ነው። ውለታቸውን በምን እመልሳለሁ፤ ዝም ብሎ መሰደብም አንድ ክፍያ ነው።

ሐሙስ 14፣ ማታ

የአንደኛውን ስፒከር ኮይል፣ ማለትም ውስጡ ያለውን የሽቦ ጥንጥን፣ ጠቅልዬ ጨረስኩ። አሁን መለካት አለበት። ድሮ በቴስተር ነካ አድርጌ ቁጥሩ ደህና ከመሰለኝ ይበቃኝ ነበር። ቴስተር ግን የሚነግርህ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ሽቦ ብቻ ነው። ስፒከር ድምፅ ሲገባበት ለወፍራሙ ሌላ፣ ለቀጭኑ ሌላ እምቢታ አለው፤ ኢምፒዳንስ የሚሉት እሱን ነው። ጀርባው ላይ ስምንት ኦም ተብሎ የሚጻፈው ለመግባባት ያህል ነው። በጣም ካነሰ ድምፅ የሚያጎላውን አምፕ ያቃጥላል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ደግሞ አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ያጉረመርማል።

ይህን ቤት ውስጥ በላፕቶፕ መለካት እንደሚቻል ያሳየኝ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ባትሪ ነው። ባትሪ ያልነው ወሬ ከጀመረ ስለማያልቅበት ነው። የሚያስፈልገው አንድ ሬዚስተር፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያና ትንሽ ሽቦ ነው። ላፕቶፑ የእሷ ነው፣ ለትምህርት ዝግጅት የገዛችው። «ልዋስሽ?» ስላት ሰሌዳዋ ላይ «ሻይ እንዳታፈስበት» ብላ ጻፈች። ሳቅኩ። እሷም ፈገግ ያለች መሰለኝ።

ፕሮግራሙ በስፒከሩ በኩል ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይለቃል፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ። እኔም ካፊያው አልኩት። ላፕቶፑ ደግሞ የሚመለሰውን እያዳመጠ መስመር ይሥላል። እሷን እንዳልረብሽ ካፊያውን በጣም ዝቅ አደረግኩት። ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን የሚለየው አንድ ቺፑድ ብቻ ነው፤ ያውም እኔ ራሴ የመታሁት፣ ትንሽ የተንጋደደ። ስፒከሩ ከባድ ስለሆነ ወገቤን እንዳይቆርጠኝ ብዬ ቺፑዱ ሥር፣ ፊቱን ወደ እሱ አድርጌ ተውኩት።

መጀመሪያ ልኩ የታወቀ ሬዚስተር አስሬ ሞከርኩ፤ መስመሩ ቀጥ አለ። ከዚያ ስፒከሩን አሰርኩ። በወፍራሙ በኩል አንድ ተራራ፣ ቀጥሎ ሸለቆ፣ ከዚያ ቀስ ያለ ዳገት ወጣልኝ። ይህን ያህል ዘመን ስሠራው የኖርኩትን ነገር መልኩን ገና ዛሬ አየሁት። ባትሪንም፣ ላፕቶፑንም፣ የላፕቶፑን ባለቤትም አመሰገንኩ።

ቅዳሜ 16

ሸለቆው ላይ አንዲት ቀጭን እሾህ በቀለች። የድምፁ ቅጥነት መቶ ሰባ ኸርዝ በሆነበት አካባቢ። ሐሙስ አልነበረችም። ለካሁ፣ አለች። አንድ ሰዓት ቆይቼ ለካሁ፣ የለችም። እንደገና ለካሁ፣ አለች። ኮይሉን አጣምሜ ጠቅልዬው ይሆን?

ሰኞ 18

ብየዳውን አደስኩ። ሽቦ ቀየርኩ። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልኩ። እሾኋ አለች፣ ያውም ቦታ ቀይራ፣ ወደ ቀጭኑ ፈቀቅ ብላ። የጠመመ ኮይል እንዲህ አይንቀሳቀስም።

ልቤ እዚህ አይደለም። ቀኑ እየሄደ ነው፣ ርዕሰ መምህሩ መልስ ይጠብቃል። አንድም ቀን እምምም ስትል አልሰማኋት። ተስፋ ቆርጣለች ማለት ነው። መጋዘኑ ይሁን ልበለው ይሆን? ማዘኔን እንዳታይብኝ ቀኑን ሙሉ ስፒከሩ ላይ አቀረቅራለሁ።

ከሰዓት ወደ መኝታ ቤት ብቅ ስል አልጋው ላይ ጀርባዋን ቺፑዱን አስደግፋ ተቀምጣለች። አፏ ግጥም ብሏል። ስታየኝ ቶሎ መጽሐፍ አነሣች። «ካፊያው ረበሸሽ? ላጥፋው?» አልኳት። ራሷን በኃይል ነቀነቀችና ሰሌዳዋ ላይ «አይረብሸኝም። ሥራህን ሥራ» ብላ ጻፈች። ሥራህን በሚለው ሥር ደግሞ አሰመረችበት። ምን ዓይነት ሴት ናት፣ ታማም ለሥራዬ ታስባለች።

ማክሰኞ 19

ሁለተኛው ስፒከር ተጠቀለለ። ለካሁት። እሾኋ እሱም ላይ አለች። ሁለቱም አንድ በሽታ ከያዛቸው በሽተኛው የኔ እጅ ነው።

በንዴት የመጀመሪያውን ስፒከር መሃሉን የሚሸፍነውን ቆብ በምላጭ ቀድጄ ውስጡን አየሁ። ኮይሉ ቀጥ ብሎ፣ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል። ምንም የለበትም። ደህናውን ስፒከር ቀደድኩት። መልሼ ሳጣብቀው ሙጫው ጣቴ ላይ ደረቀ፣ ማንኪያ ስይዝ አብሮኝ ይነሣል። እሷ አይታኝ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቀች፣ ያለ ድምፅ።

ሐሙስ 21

ባትሪ መጣ። የተጣበቀውን ቆብ አይቶ «ይህ ምን አደረገህ?» አለኝ። ነገርኩት። ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠና «ካፊያውን ለምን እንዲህ አሳነስከው?» አለ።

«ባለቤቴ ታርፋለች።»

ስፒከሩ ላይ ጎንበስ ብሎ «ኦኦኦ» አለበት። መስመሩ ላይ ወዲያው እሾህ በቀለ። ካፊያውን ከፍ አድርጎ ደገመው፤ እሾኹ ሰጠመ። «አየህ» አለ፣ «ስፒከርና ማይክ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ጮክ ብለህ ስትሰጠው ይናገራል፣ ዝቅ ስትልለት ደግሞ ያዳምጣል። ያንተ እሾህ ከስፒከሩ አልመጣችም፣ ከቤቱ ነው የመጣችው። ማን ነው የሚያወራው?»

«በዚህ ቤት ማንም አያወራም» አልኩት።

ያስቀመጥኳቸውን መስመሮች ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ በአንድ አያቸው። «የፍሪጅ ጩኸት ቢሆን አንድ ቦታ ይቆም ነበር» አለ። «ይቺ ግን ቀን በቀን ወደ ቀጭን እየወጣች ነው።» ከዚያ ቀና ብሎ የመኝታ ቤቱን በር አየና ዝም አለ። ባትሪ ዝም አለ። ከተዋወቅን ጀምሮ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ኮቱን አነሣና «ስፒከሮችህ ደህና ናቸው። ግን አትቸኩል፣ መለካትህን ቀጥል» ብሎኝ ወጣ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ለማንኛውም ፍሪጁን ነቀልኩት።

ዓርብ 22፣ ማታ

ፍሪጁ ተነቅሎም እሾኋ አለች። የተበላሸው ወተቱ ብቻ ነው።

ከሰዓት ካፊያውን ለቅቄ ከየት እንደምትመጣ ልፈልግ ተነሣሁ። ጆሮዬን እየለጠፍኩ ግድግዳ ግድግዳውን ዞርኩ። ምንም። ደክሞኝ እጄን ቺፑዱ ላይ ሳሳርፍ መዳፌ ሥር አንድ ነገር ይርገበገባል። ይጀምራል፣ ይቆማል፣ ይጀምራል፣ ልክ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው። ወደ ጠረጴዛው ሄጄ ካፊያውን አጠፋሁና እጄን መለስኩ። ፀጥ። እንደገና ለቀቅኩት። ትንሽ ቆይቶ መዳፌ ሥር ተነሣ።

እሾኋ እሷ ናት። ከቺፑዱ ወዲያ ጀርባዋን አስደግፋ፣ አፏን ገጥማ እምምም እያለች ነው። ካፊያው ሲኖር ብቻ። ካፊያው እንደሚሸፍናት አስባ ነው። የሚስቴን ድምፅ በሽታ ነው ብዬ ካውያ ይዤ ሳሳድድ ሰነበትኩ።

መዳፌን ሳላነሣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ደስታ ነው። እየወጣች ነው፣ ባትሪ እንዳለው ቀን በቀን እየወጣች ነው። ካልተለማመደች እንዲሁ ይቀራል ተብሎ የነበረው ድምፅ እጄ ሥር እየሠራ ነው። ምን ብዬ ላመስግን።

ከዚያ ሌላው ሐሳብ መጣ። ለምንድን ነው ከኔ የምትደበቀው? ጨው ለማለት ሦስት ጊዜ ያስለፋኋት ማን ነው? እትዬ ሹክሹክታዋን ይሰማሉ፣ እኔ አልሰማም። ከሆስፒታሉስ በፊት? ጉልበተኛ ድምፅ አላት እያልኩ ስኮራ ኖርኩ። በመስኮት ስትጠራኝ ሰፈሩ ሁሉ እጁን የሚታጠበው እኔ እንድሰማ ስትል ነው። ጆሮዬ፣ እንበል፣ ትንሽ ደክሟል። ግራው በተለይ። ይኸው ጻፍኩት።

ስፒከሩ የሰማትን እኔ አልሰማኋትም። ቢሆንም እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ለወገቤ ስል ቢሆንም። ተመስገን።

ሰኞ 25

ሁለቱም ስፒከሮች አልቀዋል። እኔ ግን እለካለሁ። ጠዋት ካፊያ፣ ከሰዓት ካፊያ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ በጣም ሥራ የበዛበት ሰው መስዬ ቁጭ እላለሁ። እሾኋ ሁለት መቶ ሃያን አልፋለች። ቁመቷም ጨምሯል፣ ከጎኗ ትንንሽ እህቶች አብቅላለች።

የአዳራሹ ባለቤት ደወለ። «ጋሼ፣ አላለቀም?»

«ትንሽ ልኬት ይቀረዋል።»

«ምኑ ነው እንዲህ የሚለካው?»

«አንተ አታውቀውም» አልኩት። እንዲህ ያለ መልስ ለደንበኛ ሰጥቼ አላውቅም።

እትዬም መጡና «ይህ ሽሽሽ የሚለው ነገር መቼ ነው የሚቆመው፣ እህቴን ልታሳብዳት ነው?» አሉኝ። እሷ ከኋላቸው ሰሌዳዋን አንሥታ «ተዪው፣ ይለካ» ብላ አሳየቻቸው። እትዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩና «የጤና ያድርግላችሁ» ብለው ሻይ ሊጥዱ ገቡ።

ረቡዕ 27

ርዕሰ መምህሩ ደወለ። «ቅዳሜ ወሩ ያልቃል። ምን ላድርግ?»

ከሳምንት በፊት ቢጠይቀኝ መጋዘኑ ይሁን እለው ነበር። «ቅዳሜ እነግርዎታለሁ» አልኩት።

«ተሻላት እንዴ?»

«እየለካሁ ነው» አልኩት። ግራ ሳይገባው አልቀረም።

ግን እምምም ማለትና ክፍል ፊት መቆም ለየቅል ነው። በካፊያ ተሸፍና ብቻ ከሆነ የምትደፍረው፣ ሃምሳ ሕፃን ፊት ምን ትሸፈናለች? ሰምቼሻለሁ ልላት አፌን ከፍቼ ስንቴ ዘጋሁ። አፍራ ብታቆምስ? የቀረችኝን ትንሽ ተስፋ በገዛ አፌ ላጠፋት?

ዓርብ 29

ወሰዷቸው። የአዳራሹ ባለቤት ራሱ መኪና ይዞ መጣ፣ ድግሱ ነገ ነው። ምን ልበለው። አምፕ ላይ ሰካናቸው፣ ሁለቱም እኩልና ጥርት ያሉ ናቸው። ደስ ብሎት አቀፈኝ። እሷ በመስኮት ታያለች።

ሳሎኑ ሰፋ። ቺፑዱ ሥር አቧራው ላይ የስፒከሮቹ ቅርጽ ብቻ ቀርቷል። አልጠረግኩትም። ከሰዓት ከመኝታ ቤቱ አልወጣችም፣ እኔም አላንኳኳሁም። ነገ መልስ መስጠት አለብኝ። ዛሬ ካፊያ የለም።

ቅዳሜ 30

ጠዋት ባዶው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ ነበር። ላፕቶፑን አልከፈትኩም። ስልኩን አጠገቤ አድርጌ ለርዕሰ መምህሩ የምለውን እየደረደርኩ ነው፣ መጋዘን የምትለዋ ቃል ግን አልወጣ ብላኛለች።

ከኋላዬ የሆነ ድምፅ መጣ። ዘወር ስል በሩ ላይ ቆማለች። ሰሌዳዋን አልያዘችም። «ምን አልሽ?» አልኳት።

አመለጠኝ። ልማድ ሆኖብኝ አመለጠኝ። አሁን ትመለሳለች፣ ሰሌዳዋን ታመጣለች፣ በዚያው ያበቃል ብዬ ደርቄ ቀረሁ።

አልተመለሰችም። መጥታ የወንበሬን መደገፊያ ያዘችና ወደ ቀኙ፣ ወደ ደህናው ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«ዛሬ አትለካም ወይ ነው ያልኩህ፣ አንተ ደንቆሮ።»

ሻካራ ነው። መሃል ላይ ይሰነጠቃል፣ መጨረሻው ላይ አየር ብቻ ይሆናል። እያንዳንዷን ቃል ሰማኋት።

«የምለካው የለኝም፣ ወሰዱት» አልኳት።

ወጥ ቤት ገብታ ትንሿን ሬዲዮ አመጣችና ፊቴ አኖረቻት። የሬዲዮዋን ጀርባ ፈታሁ። የመዳፍ ያህል የማትሆነውን ስፒከር አውጥቼ ሽቦዎቹን አሰርኩላት፤ ካፊያውን ለቀቅኩት። ወደ መኝታ ቤት አልሄደችም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ስክሪኑን እያየች እምምም አለች። እሾኋ በቀለች።

«ባትሪ ያለውን ሰምቻለሁ» አለችኝ። ትንፋሽ ወሰደች። «መጀመሪያ ተደብቄ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ላንተ ነው።»

እኔ ስጠብቃት እሷ ስታናግረኝ ነበር ማለት ነው። እጇን ይዤ ሳምኳት። ሰኞ ጆሮዬን ልመረመር እንደምሄድ ነገርኳት፤ «በመጨረሻ» አለች።

ከዚያ ስልኩን ከፊቴ አነሣችና ለርዕሰ መምህሩ ራሷ ደወለች። «ክፍሌን ለማንም እንዳይሰጡብኝ» አለችው። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «ምን አሉኝ?» ሳይላት አልቀረም፣ ደገመችለት። እንደገናም ደገመችለት፣ አልደከማትም።

እኔ ግን ገና በመጀመሪያው ሰምቻት ነበር።